የላንቴዋ ካቦ

ዘነበች መሞቷን የሰማሁት አትክልት ተራ ሙዝ ልገዛ ቆሜ ነው። ከአርባ ምንጭ የመጣ አይሱዙ ጭነቱን እያራገፈ ነበር። ሾፌሩ ከጋቢናው ወርዶ ትክ ብሎ አየኝና «አንቺ ሶሻል አይደለሽም?» አለኝ። በዚህ ስም የሚጠራኝ ሰው ካጋጠመኝ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ሲስቅ የፊት ጥርሶቹ አለመኖራቸውን አይቼ አወቅሁት። ገረመው ነው። ድሮ ጫኖ የመስኖ ቦይ ይቆፍሩ ከነበሩት የቀድሞ ወታደሮች አንዱ።

«ካቦን ሰማሽ?» አለኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ።

«ምን ሆነች?»

«አረፈች። ሰኔ ላይ። ወባ ነው ያሉት፤ ሦስት ቀን ቢሞላት ነው የተኛችው።»

ሌላም ነገር ነገረኝ፤ ግማሹን አልሰማሁትም። ሙዙን ሳልገዛ ወደ ቤቴ ተመለስኩና ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ዘነበች ሳስብ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ደም ነው። በሰላም ተቀምጣ ያየሁባቸው ቀኖች ከእጅ ጣት አይበልጡም። እንዲያም ሆኖ በዕድሜዬ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደሷ ያስተማረኝ የለም።

አርባ ምንጭ የሄድኩት ትምህርቴን በጨረስኩ በዓመቱ፣ መንግሥት ከተለወጠ ሦስት ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። የተቀጠርኩበት የተራድኦ ድርጅት ለተበተነው ሠራዊት አባላትና ለችግረኛ ቤተሰቦች ስንዴና ዘይት ያከፋፍል ነበር። የእኔ ሥራ ቤት ለቤት እየዞርኩ ካርድ የሚገባውንና የማይገባውን መለየት ነው። ቢሯችን በላይኛው ከተማ ሴቻ፣ መጋዘኑ በታችኛው ሲቀላ። ሰዉ ስሜን ትቶ «ሶሻል» ይለኝ ነበር።

ከመጋዘኑ ጀርባ አረቄ ቤቶች ተደርድረዋል። ስንዴ ተቀብለው አረቄ ይቀዳሉ። ይህን የማያውቅ የለም። ካርዱ የሚጻፈው በአባወራው ስም ስለሆነ፣ ስንዴው በፊት በር ወጥቶ በጓሮ በር ያልቅ ነበር።

ዘነበችን መጀመሪያ ያየኋት እዚያ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ የእደላ ቀን ረፋድ ላይ ነው። ባሏ አሥር አለቃ ምንዳዬ ኬሻውን ተሸክሞ ወደ አረቄ ቤቶቹ ሲያቀና አንዲት አጭር፣ ጠይም፣ ትከሻዋ ሰፊ ሴት ከኋላው ደርሳ ኬሻውን ያዘች። ምንዳዬ የዘንጋዳ አገዳ የሚያህል ረጅም ሰው ነው። ዘወር ብሎ በከስክስ ጫማው ሆዷን መታት። አልለቀቀችም። ፊቷን በቡጢ ሲላት ክንዱን ነከሰችው፤ ጮኸ፤ ኬሻው ተቀዶ ስንዴው መሬት ላይ ፈሰሰ። ስንዴው ላይ ተንከባለሉ። ተሰልፎ የነበረው ሰው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ «ኧረ ገላግሉ!» ይላል። ዘበኛው በዱላ እሷንም እሱንም እየመታ አላቀቃቸው።

ምንዳዬ ክንዱን ይዞ እየተራገመ ሄደ። እሷ ተንበርክካ፣ ከከንፈሯ ደም እየተንጠባጠበ፣ ስንዴውን ከነአቧራው ወደ ነጠላዋ ማፈስ ጀመረች። ጠጋ ብዬ «አይዞሽ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አይዞሽ አይበላም» አለች። «ስሜን ጻፊ።»

አፏን የፈታችው በጋሞኛ ነው። አማርኛ የለመደችው በልጅነቷ ሲቀላ አንድ ባለሱቅ ቤት ተቀጥራ ነው። እነሱ ሲጠሯት «አንቺ» ይሏት ስለነበር እሷም ለሰው ሁሉ፣ ለሴቱም ለወንዱም «አንቺ» ትል ነበር። ወንዶቹ ስድብ እየመሰላቸው ይበግናሉ። አንድ ቀን እንደዚያ የሚባለው ለሴት ብቻ መሆኑን ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝ። «መጀመሪያ አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ።»

በዚያው ሰሞን ከበላይ አዲስ መመሪያ መጣ። የሚጠጣ ሰው ሁለት ሳምንት ክሊኒክ ገብቶ ካልታከመ፣ ከዚያም ጫኖ ቦይ ቁፋሮ ላይ ካልሠራ ስንዴው ይቋረጥ የሚል ነው። ስብሰባ ተጠርቶ መመሪያውን ያነበብኩት እኔ ነኝ። ደስ ብሎኝ ነበር ያነበብኩት። ዘነበች ከኋላ ተነሳች። ከንፈሯ ገና አልሻረም።

«ስንዴውን ብትከለክይው እሱ አይራብም» አለች። «ጓደኞቹ ያጠጡታል። የምንራበው እኔና ልጆቼ ነን። የሚጠጣው እሱ፣ የሚቀጣው ሆዳችን!»

የቢሮ ኃላፊያችን እንድትቀመጥ አዘዛት። አልተቀመጠችም። ኋላ ሁለት ሰዎች ይዘው አስወጧት። እኔ ግን የተናገረችው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ። በማግስቱ፣ ማክሰኞ ቀን ነበር፣ ኃላፊዬን አሳመንኩና ካርዱን ከምንዳዬ ስም ወደ ዘነበች ስም አዛወርኩ። ማኅተም መታሁበት። የምትኖርበት መንደር ላንቴ ድረስ ሄጄ በእጇ ሰጠኋት። ካርዱን አገላብጣ አየችው፣ ደጁን ቃኘች፣ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። እኔ ምስጋና መስሎኝ ነበር።

አርብ ዕለት ቀትር ላይ ምንዳዬ ገጀራ ይዞ መጣ።

የሆነውን ጎረቤቶቹ ነገሩኝ። «ካርዴን» አላት። ካርዱን ብብቷ ውስጥ ከትታዋለች። «የለም» አለች። መጀመሪያ በገጀራው ጠፍጣፋ መታትና ወደቀች። ሁለተኛ ሲያነሳው ራሷን ለመከለል ግራ እጇን ዘረጋች። ትንሿና የቀለበት ጣቷ ደጇ ካለው ሙዝ ሥር ወደቁ። ሦስተኛውን እንዳይደግም ገጀራው የሙዝ ግንድ ውስጥ ተቀረቀረበት፤ እሱ ሊነቅል ሲታገል እሷ ተነስታ ሮጠች። እጇን ባዶ የስንዴ ኬሻ ጠቅልላ አስፋልቱ ዳር ቆመች። ሙዝ የጫነ መኪና አንስቶ ሆስፒታል አደረሳት።

ስደርስ አልጋ ላይ ነበረች። እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ የሕፃን ራስ አክሏል።  እሷ በደህናው እጇ ትራሷ ሥር ዳበሰችና ካርዱን አወጣች። ጠርዙ በደም ጠቁሯል።

«ደም ነክቶታል» አለችኝ። «መጋዘን ይቀበሉኛል ወይስ ሌላ ትሰጪኛለሽ?»

ለቅሶ ገነፈለብኝ። ትንሽ ታገሰችኝና «በቃሽ» አለች። «ለእሱ ስትሰጪ ደበደበኝ፣ ለእኔ ስትሰጪ ቆረጠኝ። ልዩነቱ አሁን ልጆቹ ይበላሉ።»

«በእኔ ምክንያት ነው» አልኩ።

«አዎ» አለች። «ወንድሞቼ ቅዳሜ ከደጋ ሊወርዱ ነበር። እነሱ ባሉበት ብትሰጪኝ ይፈራ ነበር። አንቺ ማክሰኞ አመጣሽው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅሽኝ?»

ምንዳዬ ታሰረ። ዘነበች ቁስሏ እንደደረቀ ጫኖ ቦይ ቁፋሮ ገባች። በቀሩት ሦስት ጣቶች አካፋ መጨበጥ አልሆነላትም፤ ባሬላ እንኳ የምትሸከመው ከወገቧ ጋር በገመድ አስራ ነበር። በዚያን ጊዜ ከክሊኒክ የሚወጡት ጠጪዎች ሁሉ ለብቻቸው በአንድ ቡድን ተደርገው ነበር። ሃያ ያህል ይሆናሉ፤ አብዛኞቹ የቀድሞ ወታደሮች ናቸው። ሦስት ካቦ ተመድቦባቸው ሦስቱም ሸሽተዋል። አንዱን ሀሬ ወንዝ ውስጥ ዘፍቀው ሊገድሉት ምንም አልቀራቸውም ነበር።

አንድ ጠዋት ገረመው፣ ያ ሾፌሩ ገረመው፣ አረቄ በኮዳ ይዞ መጣ። ለጓደኞቹ ሲያዞር ዘነበች ባሬላዋን አስቀምጣ ሄደች፤ ኮዳውን ከእጁ ቀምታ ቦዩ ውስጥ ገለበጠችው። ገረመው በጥፊ መታት። ጎንበስ ስትል የተሸነፈች መስሎን ነበር፤ ለካ አካፋ ልታነሳ ኖሯል። በጠፍጣፋው አፉን አለችው። ጥርሶቹን ከደም ጋር መዳፉ ላይ ተፋቸው።  የቦዩ መሐንዲስ ወጣት ልጅ ነበር፤ ከድንጋጤው ብዛት «አሁን ይህን ቡድን ማን ይመራዋል?» ብሎ ጮኸ። ከወንዶቹ አንዱ ለቀልድ «እሷ ትምራን!» አለ። ሳቁ። ዘነበች አልሳቀችም። «እሺ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ካቦ ሆነች። ሁልጊዜ ጠዋት ቦዩ አፍ ላይ ቆማ ሃያውን ወንድ አሰልፋ አንድ በአንድ ታሸታቸዋለች። «አፍሽን ክፈቺ» ትላለች። ጦር ሜዳ የከረመ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው አፉን ከፍቶ ፊቷ ላይ ይተነፍሳል። ቁመቷ ስለማይደርስ ጎንበስ ይሉላታል። የጠጣ ካገኘች ወደ ቤቱ አትሰደውም። «ቤት ከላክሁት ይደግማል» ትል ነበር። እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ አስገብታ ደለል ታስወጣዋለች። የሚያንገራግርን ትማታለች። እዋሻለሁ እንዴ፣ ትማታ ነበር፤ በእጇም፣ ባገኘችው እንጨትም። እኔ ፊት ያደረገችው ብዙ ነው። ስቆጣት «አንቺ በወረቀት ትመቻለሽ፣ እኔ በእንጨት» አለችኝ። ስንዴያቸውን ግን ነክታ አታውቅም። ሃያዎቹን ሚስቶች ራሷ ይዛቸው መጣችና የእያንዳንዱን ስንዴ በሚስቱ እጅ እንዳስረክብ አደረገችኝ። ሥራው ከወንዱ፣ ስንዴው ለሴቷ። ይህን በሪፖርት ጽፌ ላክሁ፤ ከዓመት በኋላ እንደ አዲስ መመሪያ ሆኖ፣ የማንም ስም ሳይጠቀስበት ተመልሶ መጣልን።

በዚህ መሀል የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ላንቴ ወረዱ። ምንዳዬ ሊፈታ ነውና ታረቂው አሏት። በዚያ አገር ሽማግሌ ያስቀመጠውን ሣር የሚሻገር የለም። እሷም አልተሻገረችም። «ሣሩን አከብራለሁ» አለች። «ግን ከእስር ቤት ወደ ክሊኒክ፣ ከክሊኒክ ወደ ቦይ። ወደ ቤቴ አይመጣም።» ሽማግሌዎቹ ብዙ ተከራከሯት። በመጨረሻ እንዳለችው ሆነ።

ክሊኒኩ ስምንት የብረት አልጋ ያለበት አንድ ክፍል ነው። የሚያስታምማቸው ጌታቸው የሚባል ድሬሰር ነበር፤ ትዕግሥተኛ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው። ከመጠጥ የተለየ ሰው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን እንዴት እንደሚሆን ያየሁት እዚያ ነው። ይንቀጠቀጣሉ፣ ያስመልሳሉ፣ ግድግዳ ላይ የሌለ ነገር ያያሉ። ምንዳዬ በገባ በሦስተኛው ቀን የጌታቸው መልእክተኛ ወደ ቦዩ እየሮጠ መጣ። «ምንዳዬ ሰው ሊገድል ነው!» አለ። እኔና ዘነበች በቢሮው መኪና ደረስን።

የግሉኮስ ጠርሙስ ሰብሮ በእጁ ይዟል። ጌታቸው ግንባሩ ተተርትሮ በር ላይ ተቀምጧል። ሌሎቹ ታማሚዎች በመስኮት ወጥተዋል። ምንዳዬ ክፍሉ ጥግ ቆሞ የሌሉ ሰዎችን ስም እየጠራ «ተኛ! ውረድ! ቀኝ ያዝ!» ይላል። ከዚያ ስባሪውን ወደ ገዛ አንገቱ አዞረው።

ዘነበች ገባች። ላስቀራት ነጠላዋን ይዤ ነበር፤ ነጠላው እጄ ላይ ቀረ።

«ምንዳዬ» አለችው። «ይቺን እጅ ታውቂያታለሽ?»

ጣቶቿ የጎደሉትን እጅ ፊቱ ላይ ዘረጋችለት። አያት። ለአፍታ ያወቃት መሰለኝ። ከዚያ ጮኸና ስባሪውን ሰነዘረ፤ ከክርኗ እስከ አንጓዋ ክንዷ ተሰነጠቀ። ወደ ኋላ አላለችም። በዚያው በሚደማው ክንዷ አንገቱን ጠምጥማ ይዛው ወደቀች፣ ስባሪውን የያዘ እጁን በጉልበቷ ሲሚንቶው ላይ ተጫነችው፤ አጥንቱ ሲቀጭ ሰማሁ። እኔና ጌታቸው እግሩን ያዝን። በአንሶላ አሰርነው። እስኪዝል ድረስ ደረቱ ላይ ተቀመጠችበት። የሁለቱም ደም ተቀላቅሎ ወለሉን አዳላጭ ስላደረገው ጌታቸው ሊነሳ ሲል ሁለቴ ወደቀ።

ኋላ ክንዷ ሲሰፋላት አጠገቧ ቆሜ ነበር። ማደንዘዣው አልሠራ ብሏት ላብ በላብ ሆናለች።

«ፍቅር እንዳይመስልሽ» አለችኝ ጥርሷን ነክሳ። «ከሞተ ሁለት ጣቴን በከንቱ ሰጠሁ ማለት ነው። ይሥራ። የልጆቹን እንጀራ ይሥራ።»

ምንዳዬ እጁ እንደተጠገነ ቦዩ ላይ ገባ። ማደሪያው የሠራተኛው ካምፕ ነው። ጠዋት ጠዋት እንደ ማንኛውም ሰው ተሰልፎ «አፍሽን ክፈቺ» ሲባል ይከፍታል። በሌላ ነገር አይነጋገሩም። ምሳ ሰዓት ላይ ልጆቹ የሃሌኮ፣ የሽፈራው ቅጠልና ኩርኩፋ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ድብልብል ይዘው ሲመጡ ዘነበች የእሱን ድርሻ በልጆቹ እጅ ትልክለታለች። አምስት ወር እንደዚህ ሄደ።

በስድስተኛው ወር አንድ ሰኞ ሸተተ።

«ጠጥተሻል» አለችው።

«አልጠጣሁም።»

«ጠጥተሻል። ውኃው ውስጥ ግቢ።»

ሰው ሁሉ አካፋውን ተደግፎ ይመለከታል። ምንዳዬ አልገባም። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ዶማውን ከትከሻው አውርዶ በሁለት እጁ ጨበጠ። ያነሳው ይሁን ሊያስቀምጠው እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም። ገረመው ግን ከኋላው በአካፋ ጀርባውን አለው። ከዚያ ሁሉም ተነሱ። ራሳቸው ለወራት የታገሉት አረቄ ፊታቸው ላይ የሸተተባቸው ሰዎች ናቸው፤ ያን ሁሉ ንዴት በሱ ላይ አወረዱት። በአካፋ፣ በጫማ፣ በድንጋይ። ምንዳዬ ጭቃው ውስጥ ተደፍቶ ራሱን በክንዱ ይዞ ነበር። እኔ ዳር ሆኜ እጮሃለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። መሐንዲሱ ሸሽቶ መኪና ውስጥ ገብቷል።

ዘነበች በእግራቸው መካከል ሰንጥቃ ገብታ ላዩ ላይ ተኛች። አንድ አካፋ ሳይመለስ ትከሻዋ ላይ አረፈ። «ቀጭ» ሲል ሰዎቹ ባንዴ ቆሙ።

አንገቷን ብቻ ቀና አደረገች። ጭቃ አፏ ውስጥ ገብቷል። «እኔን ሲቆርጠኝ የት ነበራችሁ?» አለች። «ዛሬ ወንድ የሆናችሁት እሱ ሲወድቅ ነው? ነገ አንዳችሁ ብትሸቱስ? እሱን ከገደላችሁ የሚቀጥለው ማነው? ገረመው፣ አንቺ ነሽ?»

ገረመው አካፋውን ጣለ። ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ዘነበች ተነስታ የተሰበረ ትከሻዋን ይዛ ምንዳዬን በእግሯ ነካችው። «ተነሺ» አለችው። «ውኃው ውስጥ ግቢ።»

በሁለት እጁና በጉልበቱ እየዳኸ ገባ። ውኃው ቀላ። እስከ ማታ ደለል አወጣ፤ ሁለት ሰዎች ማንም ሳያዛቸው ገብተው አገዙት። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ እዚያ እስካለሁ ድረስ ምንዳዬ ሸትቶ አያውቅም። ገረመው እንደነገረኝ ዛሬም አይጠጣም፤ የሚኖረው ግን ከዘነበች ቤት ማዶ፣ በራሱ ጎጆ ነው። በሯን እስክትሞት ድረስ አልከፈተችለትም።

ቦዩ ሲያልቅ ድርጅቱ ስንዴውን አቆመ። ቢሮው እንዲዘጋ ታዘዘ። ሃያዎቹ ሰዎች ወዴት ይሄዳሉ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ብሆን የራሴን አዲስ ሥራ እያሰብኩ ነበር። ዘነበች ሰልፉን እንዳለ ይዛ ላንቴ አንድ ሰፊ የሙዝ እርሻ ያላቸው ሰው ደጅ ሄደች። ሰውየው ከበረንዳቸው ሆነው አዩአቸውና «እነዚህማ ሰካራሞች ናቸው» አሉ።

«አዎ» አለቻቸው። «ጠዋት ጠዋት እኔ አሸታቸዋለሁ።»

አሥራ አራቱን ቀጠሩ። የቀሩትን በሚቀጥለው ዝናብ።

ልሄድ በተነሳሁበት ቀን ላንቴ ወርጄ አገኘኋት። ሙዝ ቆረጣ ላይ ነበሩ። ግራ ትከሻዋ እንደተጣመመ ቀርቷል፤ ስትጣራ አንገቷን ወደዚያ ታዘነብላለች። ለመኪና የሚቀረኝ ጊዜ ጥቂት ስለነበር በቆምንበት ተናገርኩ።

«ከመሄዴ በፊት ይቅር እንድትዪኝ ፈልጌ ነው» አልኳት።

«በምን?»

«በጣቶችሽ።»

 ከሙዙ የወረደ ሸረሪት ከክንዷ አራገፈች። ስታስብ የታችኛውን ከንፈሯን የመምጠጥ ልማድ ነበራት፤ ያን አደረገች። ከዚያ ዓይኔን እያየች፣ ያለ ቁጣ፣ እንደ እህት ተናገረችኝ።

«አልልሽም» አለች። «ይቅር ካልኩሽ ትረሺዋለሽ። ሌላ አገር ሄደሽ የሌላ ሴት ስም ትጽፊያለሽ። ያኔ ሊያምሽ ይገባል።»

 እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ፤ ሦስት ጊዜ፣ አጥብቃ። «በይ ሂጂ፣ መኪና ያመልጥሻል» አለችና ወደ ሙዙ ውስጥ ተመለሰች። ወንዶቹን ስትጠራቸው ድምፅዋ ይሰማኝ ነበር። አስፋልቱ ዳር ቆሜ ወደ ሶዶ የሚሄደውን መኪና ስጠብቅ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየሁ። ሐሳቧን ለውጣ ትጠራኛለች ብዬ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሬ አየሁ። አልጠራችኝም።